ጠጋኙ ይመልሳል፦ ጎማው ነው እንጂ ሚካው አይደለም

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ግራሞፎን ግራሞፎን ይሸታሉ። ሬዲዮና ቴፕ የያዛችሁ ለሚቀጥለው እትም ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ የተወልን በማኖቤላ የሚጠመዘዝ ግራሞፎን አለን። ሞተሩ ደህና ነው፤ አንድ ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይደክም ያዞራል። ችግሩ ድምፁ ላይ ነው። ዘፋኙ ከፍ ባለ ቁጥር ይንጫረራል፣ ዝግ ሲል ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ወፍራሙ ድምፅ የለም። መርፌ ቀየርኩ፤ ያው ነው። መርፌው የሚሰካበት ክብ ጭንቅላት ፊቱ ላይ መስታወት የመሰለ ስስ ነገር አለው። ከጀርባው፣ ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፎቶውን ልኬልሃለሁ። አንድ ጓደኛዬ «መስታወቱ አርጅቷል፣ አውጣውና ፕላስቲክ ቁረጥለት» ይለኛል። ልክፈተው ወይስ እንዳላበላሸው ልተወው?
የአያቱ ወራሽ

መልስ፦ ክፈተው ልጄ። የጓደኛህን ፕላስቲክ ግን ተወው።

ፎቶውን አየሁት። መርፌው የሚሰካበት ክብ ጭንቅላት ሳውንድ ቦክስ ይባላል፤ ያንተው «ኤግዚቢሽን» የሚባለው የቪክተር ኩባንያ ሥራ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በብዛት የወጣ፣ ለጠጋኝ ከሚመቹት አንዱ። መስታወት የመሰለህ ነገር ሚካ ይባላል። ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ የተደራረበ። ቀላል ነው፣ ግትር ነው፣ እርጥበት አይበግረውም። ካልተሰነጠቀና ካልተላጠ ዕድሜ ምንም አያደርገውም። ዕድሜ የሚጫወተው በጎማው ነው። ሰው ግን ሳውንድ ቦክስ ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፈው ሚካው ላይ ነው፤ ስለሚያብረቀርቅ ይሆናል። ስንቱ ጤነኛ ሚካ ያለ ጥፋቱ ተጥሏል!

ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ካየህ ችግሩ ራሱ ይታይሃል። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። መርፌውን የያዘው ዘንግ መሐሉ ላይ ስለተደገፈ፣ ታችኛው ጫፍ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ላይኛው ወደ ሌላው ይሄዳል። ላይኛው ጫፍ በጣም ትንሽ በሆነች ቪቴ ከሚካው እምብርት ጋር ታስሯል። ሚካው ይገፋል፣ ይሳባል። ከኋላው ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ በክንዱ ሄዶ በጡሩምባው ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ማጉያ የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። ያለው ጉልበት ከመርፌው የመጣው ብቻ ነው። አየር በአንድ ቀዳዳ ካመለጠ የሚተካው የለም።

አሁን ወደ ጎማው። የሚካው ዳር ብረቱን መንካት የለበትም። ከፊትም ከኋላም በቀጭን የጎማ ቱቦ ታቅፎ ነው የሚቀመጠው። ጎማው ለስላሳ ሲሆን አየሩን ይዘጋል፣ ሚካውን ግን እንዲንቀሳቀስ ይለቀዋል። ሲደርቅ ሁለቱንም ሥራ ይተዋል። የጠነከረበት ቦታ ሚካውን ቀፍድዶ ይይዘዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ የጠፋብህ ለዚህ ነው። የተኮማተረበት ቦታ ደግሞ ክፍተት ይፈጥራል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ሚካው እዚያ ጋ ይንገጫገጫል። የምትሰማው መንጫረር እሱ ነው።

ከመክፈትህ በፊት የመርፌውን ማጥበቂያ ነካ አድርገህ እየው። የላላ ከሆነ እሱም ይንጫረራል፤ ጠጋኝ አያስፈልገውም። ከዚያ አካሉ ከምን እንደተሠራ እወቅ። በማይታይ ቦታ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርገው። ከኒኬሉ ሥር ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፣ እፎይ በል። ግራጫ ከሆነ ከዚንክ የተቀላቀለ ርካሽ ብረት ነው። እሱ በዕድሜ ብዛት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ካቻቢቴ ጠበቅ ሲያደርገው ይፈረፈራል። እጅህን እንደዚያው አለስልስ።

ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። የሚወጣው ቪቴ ሁሉ ጥቃቅን ነው፤ መሬት ከወደቀ ደህና ሰንብት በለው። ምንም ከመንካትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ በተለይ ዘንጉን ወጥረው የያዙትን ሞላዎች ከቅርብ አንሣቸው። የካቻቢቴው ጫፍ የቪቴውን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን። ቪቴው እምቢ ካለ አትታገለው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርግበትና አሳድረው።

መጀመሪያ የሚፈታው የሚካው እምብርት ላይ ያለችው ቪቴ ናት። ሚካ የሚሰብር ሰው የሚሰብረው እዚህ ጋ ነው። ቪቴዋ ላይ አየር እንዳያልፍ የተደረገ ጠብታ የንብ ሰም አለ። በቀዝቃዛው ካዞርካት ሰሙ ሚካውን አብሮ ይጎትተዋል፤ ሚካውም ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ካውያ አሙቅና የቪቴዋን ራስ ብቻ ለአፍታ ንካ። ሰሙ ጠጣር መልኩን ትቶ ሲያብረቀርቅ ቀልጧል ማለት ነው። ያኔ ካቻቢቴውን በሁለት ጣት ይዘህ፣ ሳትጫን አዙራት። ካውያው ሚካውን ራሱን እንዳይነካው።

ቀጥሎ የጀርባውን ክዳን ፍታ፤ ሚካው ከነጎማው ይወጣል። አሮጌው ጎማ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ከቀረ በስንጥር እንጨት ጫር ጫር አድርገህ አንሣው፣ በብረት አይሆንም። መቀመጫውን አልኮል በነካካው ጥጥ አጽዳ። የቀረች የጎማ ፍርፋሪ ነገ ሚካውን ታጣምምብሃለች።

ሚካውን ዳር ዳሩን ይዘህ ወደ ብርሃን አቅናው። ከዳር ወደ መሐል የገባ ነጭ ደመና ካየህ ገጾቹ መለያየት ጀምረዋል። ትንሽ ከሆነና ጎማው የሚሸፍነው ከሆነ ምንም አይደል፣ መልሰው። እምብርቱ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ግን ጡረታ ይውጣ። ምትኩም ሚካ ይሁን። በልክ የተቆረጠ ክብ ሚካ ለግራሞፎን ብለው የሚሸጡ አሉ፤ የአሮጌውን ስፋት በካሊፐር ለክተህ እዘዝ። ፕላስቲክ ድምፅ አያወጣም አልልህም፣ ያወጣል። ግን ልል ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፤ የዘፈኑ ቃላት ይድበሰበሳሉ። ሚካው ደህና ሆኖ ሳለ ፕላስቲክ ማስገባት ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም።

አዲሱ ጎማ ውስጡ ክፍት የሆነ ለስላሳ ቱቦ ነው። ውፍረቱን ከመቀመጫው ጋር አመሳክር፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። በአዲስ ምላጭ ጫፉን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ሁለቱ ጫፎች ተሳስመው ይገናኙ። ከተደራረቡ ሚካው እዚያ ጋ ይነሣል፤ ከተራራቁ አየር ያመልጣል። የፊቱና የኋላው መጋጠሚያ አንድ ቦታ ላይ ባይውሉ እመርጣለሁ። ማስቲሽ የሚባል ነገር አይግባ። ጎማ፣ ሚካ፣ ጎማ፣ ክዳን፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። የክዳኑን ቪቴዎች እያፈራረቅህ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ። ሚካው ዙሪያውን እኩል ክፍተት ትቶ መሐል መቀመጡን ከፊት በኩል እይ። ክዳኑ ከገጠመ በቃ። «ለማንኛውም» ብለህ አንድ ዙር አትጨምር። ለስላሳውን ጎማ ጨፍልቀህ ከያዝከው የደረቀውን መልሰህ እንዳስገባኸው ቁጠረው።

ከዚህ በኋላ አትቸኩል። ድምፁን ቆንጆ ወይም አስቀያሚ የሚያደርገው ይኼኛው ሥራ ነው። የመሐሏን ቪቴ ሳትመልስ ዘንጉን ከጎን እየው። የዘንጉ ጫፍ ሚካውን ለመንካት ያህል ብቻ መቆም አለበት። መግፋትም መራቅም የለበትም። እየገፋው ከሆነ ወይም ከራቀ የሞላዎቹን ማስተካከያ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅስ፤ አንዱን ነክተህ ሌላውን አትርሳ። የዘንጉና የሚካው ቀዳዳዎች ማንም ሳይጫናቸው ፊት ለፊት ሲተያዩ ቪቴዋን መልስ። ብዙ ሰው ዘንጉ ትንሽ ራቅ ሲልበት «ቪቴዋ ትስበዋለች» ይላል። እውነት ነው፣ ትስበዋለች። ሚካው ግን ገና ሸክላ ሳይጫን ጎብጦ ይቀመጣል፣ የጎበጠ ሚካ ደግሞ ወደ አንድ ወገን እንጂ ወደ ሌላው በደንብ አይሄድም። ድምፁ ይሻክራል፤ ሰውየውም ጥፋቱን እንደገና ሚካው ላይ ያላክካል።

የሞላው ውጥረትም ልክ አለው። ከላላ ዘንጉ ይንቀጫቀጫል። ከጠበቀ መርፌው እንደ ልቡ መወዛወዝ ስለሚያቅተው የሸክላውን ቦይ ይፈገፍጋል፤ ድምፁም ይታፈናል። መርፌውን በጣትህ ጫፍ ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው በቀላሉ መሄድ፣ ስትለቀው ያለ ቅጭልታ መመለስ አለበት።

በመጨረሻ ቪቴዋ ላይ ጠብታ የንብ ሰም አቅልጠህ አሳርፍ። ጠብታ አልኩ፤ ሰም ሲበዛ ሚካው ይከብዳል። ሱፐር ግሉ የሚያቀብልህ ሰው ካለ አመስግነህ መልስለት። ከአንተ በኋላ የሚከፍተው ጠጋኝ ይረግምሃል።

ከመግጠምህ በፊት ሁለት ፈተና አለ። በጀርባው ያለውን ቀዳዳ ጠርገህ አፍህን ግጠምበትና በቀስታ፣ እጅግ በቀስታ ሳብ፤ ከዚያ ቀዳዳውን በምላስህ ዝጋው። መሳቡ ለአፍታ ከያዘ አየር አያመልጥም። ወዲያው ከለቀቀ ወይ የጎማው መጋጠሚያ ወይ የመሐሏ ቪቴ ያስተነፍሳል። ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ያስደስታል። መርፌ ስካበትና ሳውንድ ቦክሱን ጆሮህ አጠገብ ይዘህ የመርፌውን ጫፍ በጣትህ ቆዳ ላይ በቀስታ አሳልፈው። በደንብ የተገጠመ ሳውንድ ቦክስ የጣትህን መስመሮች ቆጥሮ ያሰማሃል።

የጀርባውን ጎማ አልረሳሁትም። እሱ ሳውንድ ቦክሱን ከክንዱ ጋር ያገናኛል፤ የሞተሩ ጉርምርምታ ወደ ሚካው እንዳይዘልቅም ይከለክላል። ከደረቀ ሁለቱንም አይሠራም። በሙቅ ውኃ አለስልሰው የሚመልሱት አሉ። ሲቀዘቅዝ ያው ድንጋይ ነው። አዲስ ግዛ፤ ለኤግዚቢሽን የሚሆን እስከ ዛሬ ይመረታል።

«መርፌ ቀየርኩ» ብለሃል። በየስንት ጊዜው? የብረት መርፌ ለአንድ የሸክላ ገጽ ብቻ ነው። የድሮው ሸክላ በሼላክ ውስጥ የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። የተደረገውም ሆን ተብሎ ነው፤ የሸክላው መጀመሪያ መርፌውን ሞርዶ ከቦዩ ጋር ያስማማዋል። ገጹ ሲያልቅ መርፌው ጎን ጎኑ ተበልቶ ስለት አውጥቷል። በዚያው ሁለተኛ ገጽ ካጫወትክበት የሚበላው ሸክላው ነው። ቆጣቢ ለመሆን ከፈለግህ በሌላ ነገር ቆጥብ።

ጥያቄ፦ ጋሽ ጠጋኙ፣ የኔ ኦርቶፎኒክ ቪክትሮላ ነው። ሳውንድ ቦክሱ ሚካ የለውም፤ ከወንፊቱ ሥር የሚታየው አሉሚኒየም ነው። ድምፁ ደህና ነበር፣ አሁን ግን ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ይርገበገባል። አካሉ ላይም ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። ራሴ ከፍቼ ጎማውን ልቀይርለት?
የሙዚቃ ወዳጅ

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አይክፈቱት። ከላይ ለልጁ «ክፈተው» ያልኩት ለእርስዎ አይሠራም።

በ1925 ቀረጻ በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ ሆነ። ሸክላው ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ወፍራም ድምፅ ገባ። ያንን እንዲያወጣ ታስቦ በዚያው ዓመት የወጣው ማጫወቻ ነው የእርስዎ። የአሉሚኒየሙ ቅይጥ በጣም ስስ ነው፤ ዳሩ ላይ የታተመ ሞገድ አለው፤ መሐሉ ደግሞ ባለ ብዙ እግር ቁራጭ ተሸክሟል። በጣት ከተጎረበጠ ተመልሶ አይቃናም። የመርፌው ዘንግ የሚወዛወዘው በጥቃቅን የብረት ኳሶች ላይ ነው። የማያውቅ ሰው ሲፈታው ኳሶቹ ይበተናሉ፤ ከዚያ በጉልበትዎ ተንበርክከው መፈለግ ነው።

ፀጉር የመሰለው ስንጥቅ የዚያ የዚንክ ቅልቅል ሕመም ነው። ሲያብጥ የኳሶቹን ቤት ያጠብባል፤ ዘንጉ ይታነቃል። መድኃኒት የለውም። ሳይከፍቱ ማድረግ የሚችሉት ይህን ነው፦ ክንዱ ላይ የሚገጥምበትን ጎማ ይዩ፣ መርፌ ይቀይሩ፣ ወንፊቱ ላልቶ እንደሆነ በጣትዎ ጫን አድርገው እያጫወቱ ያዳምጡ። መርገብገቡ ሲቆም ጥፋተኛው ወንፊቱ ነው። ካልቆመ በዚህ ዓይነቱ ላይ እጁ የተፈታ ሰው ይፈልጉ። ደህና አካል ያለው ሌላ ሳውንድ ቦክስ መግዛትም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴን የ33 ዙር ሸክላዎች በማኖቤላው ግራሞፎን ላይ ማጫወት ይቻላል? ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ።
ተማሪ

መልስ፦ በፍጹም። ፍጥነቱን ተወው፣ ክብደቱን አስብ። የዛሬ ማጫወቻ መርፌውን የሚያሳርፈው በ2 ወይም በ3 ግራም ነው። የግራሞፎን ጭንቅላት ከ100 ግራም በላይ ይጫናል፣ በዚያ ላይ መርፌው ብረት ነው። በ1948 የመጣው ረጅም ሸክላ ከለስላሳ ቪኒል የተሠራ፣ ቦዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አንድ ጊዜ ካስቀመጥክበት አባትህን ይቅርታ ስትጠይቅ ትከርማለህ። ግራሞፎኑ የሚፈልገው የ78 ዙሩን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ያለኝ ሸክላ ሳይሆን በርሜል የመሰለ ሲሊንደር የሚያጫውት የኤዲሰን ፎኖግራፍ ነው። ጥቁር የሰም ሲሊንደሮችም፣ ሰማያዊ ሲሊንደሮችም አሉኝ። አንዳንዶቹ ጥሩ ያሰማሉ፤ ሌሎቹ ላይ መርፌው ይንሸራተታል ወይም ተደራርቦ ይሰማል። ሪፕሮዲውሰሩ፣ ማለትም መርፌውን የያዘው ድምፅ አውጪ ጭንቅላት፣ ተበላሽቶ ይሆን? ፊቱ ላይ «ሲ» የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፋበታለች።
ጡረተኛ መምህር

መልስ፦ መምህር፣ ሪፕሮዲውሰርዎ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ሲሊንደሮችዎ ናቸው ሁለት ዓይነት የሆኑት።

«ሲ» የሁለት ደቂቃ ሲሊንደር ሪፕሮዲውሰር ነው። የሁለት ደቂቃው በአንድ ኢንች ውስጥ 100 መስመር አለው። በ1908 ኤዲሰን አምበሮል የሚባለውን የአራት ደቂቃ ሲሊንደር አወጣ፤ በአንድ ኢንች 200 መስመር። ዙሩ ያው በደቂቃ 160 ነው፤ መስመሮቹ ግን እጥፍ ስለተጠጋጉ የ«ሲ» ጫፍ፣ ሳፋየር ከሚባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራው፣ ይሰፋባቸዋል፣ ሁለት መስመር ይረግጣል። የሚንሸራተተውና የሚደራረበው ለዚህ ነው። ለአራት ደቂቃው የሰም ሲሊንደር «ኤች» የሚባለው ያስፈልግዎታል። ሪፕሮዲውሰር መቀየር ብቻም አይበቃም፤ ማሽኑ ራሱ የአራት ደቂቃ ጥርስ ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ በእጥፍ ፍጥነት ወደ ጎን ይጎትተዋል። ሰማያዊዎቹ በ1912 የመጡት ብሉ አምበሮል ናቸው። እነሱም የአራት ደቂቃ ናቸው፣ ግን ሴሉሎይድ ስለሆኑ ጠንካሮች ናቸው። ለእነሱ ተብሎ ባለ አልማዝ ሪፕሮዲውሰር ተሠርቷል። አልማዙን ሰም ላይ እንዳያሳርፉት አደራ፤ ያርሰዋል።

ደግሞ የኤዲሰን ጫፍ ወደ ጎን አይወዛወዝም። ቦዩ የተቆፈረው አንዴ ጠለቅ አንዴ ከፍ እያለ ነው፤ ጫፉ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በ1887 በርሊነር ግራሞፎኑን ሲያመጣ ነው ወደ ጎን የሚሄደው ቦይ የመጣው። ስለዚህ ከላይ ስለ ዘንግና ስለ ሞላ የጻፍኩት ለእርስዎ ማሽን አይሆንም። የጎማው ነገር ግን እዚህም ያው ነው። ዲያፍራሙን፣ ማለትም እንደ ሚካው የሚንቀጠቀጠውን ስስ ክብ፣ የሚያቅፉት ቀለበቶች ከደረቁ ድምፁ ይሳሳል፤ አዲስ ቀለበት ሲያገኝ ይመለሳል። ሲከፍቱ ከሳፋየሩ ዘንግ ወደ ዲያፍራሙ የምትሄደውን ቀጭን ማያያዣ እንዳይጎትቱ ይጠንቀቁ፤ መጀመሪያ እሷን ያላቅቁ።

ሳፋየሩ በየገጹ አይቀየርም፤ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ግን በማጉያ መነጽር ይዩት። ጫፉ ለስላሳና ድቡልቡል ከሆነ ደህና ነው። ሸረፍ ያለ ወይም ጠፍጠፍ ያለ ጠርዝ ካዩ ያቁሙ፣ ምክንያቱም የተሸረፈ ሳፋየር የሰሙን መስመር ይቆርጣል። ጥቁሮቹን ሲሊንደሮች ከውጭ በኩል በጣት አይንኩ። ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገብተው ከፈት በማድረግ ያንሷቸው። ከቀዝቃዛ ክፍል ያመጡትን ሲሊንደርም ወዲያው አይጫኑት፤ ሰሙ ቀዝቅዞ እያለ የእጅ ሙቀት ብቻ ሊሰነጥቀው ይችላል።